ቶማስ ላምቢ

ዶክተር ቶማስ አሌክሳንደር ላምቢ (እ.ኤ.አ. 1885–1954) አሜሪካዊ ሐኪምና ሚሲዮናዊ ነበሩ። ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በኢትዮጵያ ሠርተዋል። በሳዮ (በዛሬው ደምቢ ዶሎ) የሕክምናና የወንጌል ሥራ ጀምረዋል፤ በአዲስ አበባ ሆስፒታል አሠርተዋል፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሲቋቋም ዋና ጸሐፊ ሆነዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ ስማቸው በብዛት የሚነሣው ግን በ1920 ዓ.ም. ወደ ጅማ ብለው የተነሡትን ቡድን እየመሩ ሆሳዕና በመግባታቸው ነው። ዛሬ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜና አዲሎ፣ ከዚያም አልፎ በወላይታና በሲዳማ ያሉ ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪካቸውን ሲጽፉ ከዚያ ጉዞ ይነሣሉ።

ላምቢ በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ ያለ አገር ቀርተዋል ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያን ዜግነት ሲወስዱ የአሜሪካን አጡ፤ ኢትዮጵያ ስትወረር ደግሞ ለወራሪው አደሩ፤ በዚህም ምክንያት ከነጻነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለሱ አልተፈቀደላቸውም። እሳቸው በሌሉበት የተከሏቸው ማኅበረ ምእመናን በአገሬው መሪዎች እጅ አደጉ።

በዚህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ የሆነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር (ዓ.ም.)፣ በውጭ አገር የሆነው በአውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ተጽፏል።

ልጅነትና የሱዳን ዓመታት

ላምቢ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ በፒትስበርግ ከተማ ተወለዱ። ያደጉበት ቤት የፕሬስቢቴሪያን ቤት ነበር። ሕክምና ተምረው እንደ ጨረሱ በእ.ኤ.አ. 1907፣ ገና በ22 ዓመታቸው፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ወደ ሱዳን ላካቸው። በዚያም ሻርሎት ክሌኒን አገቡ። በሶባት ወንዝ ዳር፣ በመጀመሪያ በሺሉክ ምድር ዶሌብ ሂል በሚባለው ሥፍራ፣ በኋላም በኑዌር ምድር በናሲር ከአሥር ዓመት በላይ ሠሩ። ናሲር ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ ስለሆነ ከወለጋ የሚመጣው ነጋዴ የሚያልፍበት መንገድ ነበር፤ ላምቢም ስለ ምዕራብ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የሰሙት ከዚሁ መንገደኛ ነው።

ሳዮ

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር በዓለም ዙሪያ የተዛመተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ኢትዮጵያ ገባ። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ይለዋል። በሽታው ወለጋንም ሲመታ የሳዮው ገዥ ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሐኪም ፈለጉ፤ ከድንበሩ ማዶ ያሉት ላምቢ ተጠሩ። በዚሁ ዓመት ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ወደ ደጋው ወጥተው በሳዮ ክሊኒክ ከፈቱ። ሚሲዮናዊ በቀላሉ በማይገባበት ዘመን በሩን የከፈተላቸው ስብከታቸው ሳይሆን መድኃኒታቸው ነበር። ይህ ነገር በኋላ በሆሳዕናም ተደግሟል። ከደጃዝማች ብሩ ጋር የተጀመረው ወዳጅነትም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ባልታሰበ ቦታ ጠቅሟቸዋል።

በሳዮ ከተሰባሰቡት ሰዎች መካከል በልጅነቱ በፈንጣጣ ዓይነ ስውር የሆነው ግዳዳ ሶላን ይገኝበታል። ግዳዳና ማሞ ጮርቃ በጣሊያን ዘመን የሳዮን ምእመናን ያለ ውጭ አገር ሰው መርተዋል። ከዚያ የተነሣው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በኋላ ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሕዷል። የላምቢ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከደቡቡ ሥራቸው ጋር ብቻ ይተረካል፤ ነገር ግን በደቡብ የታየው ነገር በምዕራቡም እንደዚሁ ሆኗል።

ጉለሌ

ላምቢ ከሳዮ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ በመንገድ ያሉ መኳንንትን ያክሙ ስለነበር ዝናቸው ቀድሟቸው ደረሰ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በዋና ከተማዋ ሆስፒታል እንዲሠሩ ጠየቋቸው። ላምቢም ወደ አሜሪካ ሄደው ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ከፍተኛውን ድርሻ የሰጡት በኦሃዮ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ የነበራቸው ደብልዩ ኤስ ጆርጅ ናቸው። በጉለሌ የተሠራው ሆስፒታልም የጆርጅ መታሰቢያ ተባለ። በ1910ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሥራ ሲጀምር በአገሪቱ ካሉት ጥቂት ዘመናዊ ሆስፒታሎች አንዱ ነበር።

በከተማው ያለው ሥራ ግን አላረጋቸውም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለው ሰፊ አገር ሐኪምም ሰባኪም እንዳልደረሰበት ያውቁ ነበር፤ የላካቸው ሚሲዮን ደግሞ ወደዚያ የመስፋት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ከፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ተለይተው በኮንጎ ከሠሩት እንግሊዛዊ አልፍሬድ በክስተንና በኬንያ ከነበሩት ጆርጅ ሮድ ጋር በእ.ኤ.አ. 1927 የአቢሲኒያ ድንበር ሚሲዮን የሚባል ትንሽ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ በናይጄሪያ ይሠራ ከነበረው ከሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን (ኤስ አይ ኤም) ጋር ተቀላቀለ። በስሙ ውስጥ ያለው ሱዳን የዛሬውን አገር ሳይሆን በዚያ ዘመን ከሰሐራ በታች ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ የተዘረጋውን ምድር የሚያመለክት ነው።

ወደ ጅማ የታሰበው ጉዞ

ቡድኑ በ1920 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር አዲስ አበባ ገባ። አብዛኞቹ አባላት ወጣቶች ነበሩ፤ ዋልተር ኦማንና ክላረንስ ደፍ ከእነሱ ውስጥ ይገኛሉ። ወደ ደቡብ የመውጣት ፈቃድ ግን በቀላሉ አልተገኘም። በቤተ ክህነት በኩል ተቃውሞ ነበር፤ ራስ ተፈሪም ከዘውዲቱ ቤተ መንግሥትና ከመኳንንቱ ጋር በጥንቃቄ የሚሄዱበት ወቅት ስለነበር ግልጽ የሥራ ፈቃድ ከመስጠት ይልቅ በዝምታ እንዲጓዙ ተዉአቸው። በእነዚያ ወራት የቡድኑ ዋና ሥራ አማርኛ መማርና አብሮ መጸለይ ነበር። ላምቢ በመጽሐፎቻቸው ለዚህ ጊዜ ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል። ሐኪሙ ዕቅድ የማውጣት ልማድ የነበራቸው ሰው ሲሆኑ ዕቅዳቸው ሲፈርስ ግን መፍረሱን እንደ መልስ የመቀበል ዝንባሌም ነበራቸው። በቀጣዩ ጉዞ የሆነውንም የጻፉት በዚሁ ዓይን ነው።

በመጋቢት 1920 ዓ.ም. ቡድኑ ድንኳኑንና መድኃኒቱን በበቅሎ ጭኖ ከአዲስ አበባ ተነሣ። መድረሻው ጅማ ነበር። የመረጡት መንገድ በጉራጌ በኩል ወደ ከምባታ አገር ወሰዳቸው። በዚያን ጊዜ ከምባታ የሚባለው ግዛት የሐዲያንም ምድር ይጨምር ነበር፤ የገዥው መቀመጫም ሆሳዕና ነበረች፤ ከተማዋ በከፍታ ላይ የተቆረቆረች የነፍጠኛ ሠፈርና የገበያ ቦታ ነበረች። ገዥው ደጃዝማች መሸሻ እንግዶቹን በመልካም ተቀበሏቸው፤ ሐኪም መኖሩ ሲሰማም በሽተኛ ከየአቅጣጫው ወደ ድንኳኑ ጎረፈ። ቡድኑ ወደ ወላይታ ሲያልፍ ሶዶ ላይ ደጃዝማች ይገዙም በበኩላቸው እንዲቀመጡ ፈለጉ።

ነገሩን ያጠናከረው ደግሞ የፖለቲካው ለውጥ ነው። ሲዳሞን ለረጅም ጊዜ የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በራስ ተፈሪ ተሽረው ነበር። በምትካቸው የተሾሙት የሳዮው ወዳጅ ብሩ ወልደ ገብርኤል ሆኑ። ላምቢና ብሩ በደቡብ መንገድ ላይ ሲገናኙ ገዥው ወደ ሲዳሞ እንዲመጡ ጋበዟቸው። በዚህ መንገድ አንድ ጅማ ይሆናል የተባለው ሥራ ሦስት ቦታ ላይ ተተከለ፤ በሆሳዕና፣ በሶዶና በሲዳማ ምድር በጋርቢቾ። ጅማ በዚያ ጉዞ አልተደረሰባትም።

የሆሳዕናው ሥራ

ጣቢያው መቆም መቻሉ ብቻ በራሱ የተረጋገጠ ነገር አልነበረም። በየአውራጃው ገዥ መልካም ፈቃድ የቆመ ሥራ ከአዲስ አበባ በሚመጣ አንድ ደብዳቤ ሊዘጋ ይችል ነበር። ላምቢ የመስኩ ኃላፊ ስለነበሩ ብዙ ጊዜያቸውን ያጠፉት በሽተኛ በማየት ሳይሆን በደቡብና በአዲስ አበባ መካከል እየተመላለሱ ለሌሎቹ ፈቃድ በማስቀጠል ነው። ወጣቶቹ ሚሲዮናውያን በሆሳዕና ክሊኒክ፣ ትንሽ ትምህርት ቤትና የጸሎት ስብሰባ ሲይዙ እሳቸው በየደጁ ደጅ ይጠኑ ነበር። የመሪነታቸው አንዱ ጥንካሬ ይኸው ነው፤ አብረዋቸው የሠሩት ሰዎች ሥራቸውን እንዲሠሩ መንገዱን ይጠርጉላቸው ነበር። በየጣቢያው ተገኝተው ተስፋ የቆረጠውን ያጽናኑ እንደነበርም አብረዋቸው የኖሩ መስክረዋል።

ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገርም ብዙ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ ሐዲይኛና ከምባትኛ ይናገራል፤ ሚሲዮናውያኑ የተማሩት አማርኛ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ለገበሬው የገዥውና የዳኛው ቋንቋ ነበር። ስብከቱ በአስተርጓሚ ይተላለፍ ነበር። መድኃኒት ፈልጎ የሚመጣው ብዙ ሲሆን የሚሰማው ጥቂት ነበር። በጎረቤት ወላይታ እንኳ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ማለትም ሥራው ከተጀመረ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በከምባታና በሐዲያም ቁጥሩ ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

ለኋለኛው ታሪክ ወሳኝ የሆነው ግን ቁጥሩ ሳይሆን በዚያን ጊዜ የተያዘው አሠራር ነው። ሚሲዮኑ ለአገሬው ሰባኪ ደመወዝ አይከፍልም ነበር። የጸሎት ቤት የሚሠራው ምእመናኑ በራሳቸው እንጨትና ሣር ነው። ሽማግሌ የሚመርጡት እነሱ፣ የሚቀጡትም እነሱ ናቸው። ለአዲስ አማኝ የሚሰጠው ትምህርት ረጅም ነበር፤ የተማረው ደግሞ ለጎረቤቱ እንዲያስተምር ይጠበቅበት ነበር። በዚያ ዘመን በሌሎች አገሮች ብዙ ሚሲዮኖች ሰባኪውን እንደ ተቀጣሪ ይዘውት ስለነበር ገንዘቡ ሲቆም ሥራው ይቆም ነበር። ይህ አሠራር የላምቢ ብቻ ሐሳብ አልነበረም፤ ሮድና ሌሎቹም ይደግፉት ነበር። አንዳንዱ አማኝ እንደ ንፍገት ሳይቆጥረው አልቀረም፤ ክሊኒክ የሚሠራ ሀብታም ፈረንጅ ለጸሎት ቤት ቆርቆሮ መንፈጉ በጊዜው ለማስረዳት የሚከብድ ነገር ነው።

ላምቢ በእነዚህ ዓመታት በአዲስ አበባም የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲሠራ አስተባብረዋል። ሆስፒታሉ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ተጠራ፤ ሠፈሩም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይታወቃል። በኋላ የአለርት ማዕከል የተቋቋመው በዚሁ ቦታ ነው።

ቀይ መስቀልና ወረራ

የሚሲዮኑን ይዞታ በሕግ ለማጽናት ይረዳል በሚል ላምቢ የኢትዮጵያ ዜግነት ወሰዱ። በአሜሪካ ሕግ ይህ የትውልድ ዜግነታቸውን ያስቀርባቸው ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጣሊያን ጦርነት እየቀረበ ሲመጣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ላምቢን ዋና ጸሐፊ አድርገው ሾሙ። ጦሩ የተደራጀ የሕክምና ክፍል አልነበረውም ለማለት ይቻላል። ላምቢ የሚሲዮን ሐኪሞችን ከየጣቢያው ሰብስበው በግንባር እንዲያክሙ ላኩ፤ ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይና ከሌሎች አገሮች የመጡትን ቡድኖች ተቀብለው አሰማሩ። የጣሊያን አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመታ፤ በታኅሣሥ የስዊድን ቡድን በመልካ ዲዳ፣ በኋላም የእንግሊዝ ቡድን በኮረም ተደበደቡ። ላምቢ ይህንን ለዓለም ካሰሙት ድምፆች አንዱ ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ከተማዋ ተዘረፈች፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጣሊያን ገባ። ከዚህ በኋላ ላምቢ ያደረጉት በሕይወታቸው በጣም የሚያከራክረው ነገር ነው። ለአዲሱ ገዥ አደሩ፤ ቀደም ሲል በጣሊያን ላይ የሰነዘሩትን ክስ የሚያለዝብ ቃልም ሰጡ። ጣሊያኖች ይህንን ለፕሮፓጋንዳ ተጠቀሙበት። የላምቢ ምክንያት በየጣቢያው የቀሩትን ሚሲዮናውያንና የጀመሩትን ሥራ ማዳን ነበር። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ማደር ግን እንግዳ ሆኖ ከማደር ይከብዳል፤ በዚያው ሰዓት አርበኞች ዱር ቤቴ ብለው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በጄኔቫ የመርዝ ጋዙንና የቀይ መስቀሉን ድብደባ እየጠቀሱ አቤት የሚሉበት ጊዜ ነበር። ያመኗቸው ዋና ጸሐፊ ቃላቸውን ማለዘባቸው ክህደት ሆኖ ቢታያቸው አያስገርምም።

ማደራቸውም ያሰቡትን አላዳነም። ጣሊያን ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያንን ቀስ በቀስ አስወጣ። ላምቢ አገሩን ለቀቁ፤ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ከሶዶ ወጡ፤ ሆሳዕናም ባዶ ቀረች።

ከወጡ በኋላ የሆነው

ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ በወላይታ የተጠመቁት 48 ሰዎች ነበሩ፤ በከምባታና በሐዲያ ከዚህም ያነሱ ነበሩ። ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነው፤ በእጅ ያለውም መጽሐፍ ጥቂት ነው። ወራሪው የጸሎት ቤቶችን አፈረሰ፤ መሪዎችን አሰረ፤ ገረፈ። በወላይታ ዋንዳሮና ቢሩ ዱባለ፣ በከምባታና በሐዲያ ደግሞ እንደ አባ ጎሌና ሽጉጤ ዳዳ ያሉ ሰዎች በዚህ መከራ ጊዜ ምእመናኑን ከያዙት መካከል ናቸው። የሁለቱ አገር ሽማግሌዎች እየተላላኩና እየተጠያየቁ ይበረታቱ ነበር። ቀድሞ በወላይታና በከምባታ መካከል ይህን ያህል መጠያየቅ አልተለመደም ነበር፤ ድንበሩ የከብትና የግጦሽ ጠብ የሚነሣበት ነበርና። ማታ ማታ በየቤቱ ይጸለይ ነበር፤ የታሰረ ሰው ቤተሰብ በማኅበሩ ይረዳ ነበር፤ የታሰረው ሲፈታ ደግሞ ወደ ማያውቀው ቀበሌ ሄዶ ያስተምር ነበር።

ከነጻነት በኋላ የተመለሱት ሚሲዮናውያን በወላይታ ብቻ 10,000 የሚጠጋ አማኝ አገኙ። በከምባታና በሐዲያም ጥቂቶቹ በብዙ እጥፍ ጨምረው ነበር። የተመለሱት ሰዎች የጠበቃቸው አዲስ ችግር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ሽማግሌዎች፣ የራሷ ሥርዓትና የራሷ ሰባክያን ነበሯት፤ የቀድሞ አስተማሪዎች በእንግድነት መግባት ነበረባቸው። ሁሉም ይህን በቀላሉ አልለመደውም፤ በከምባታና በሐዲያ ከተፈጠረው አለመግባባት የተነሣ የተወሰኑት ማኅበረ ምእመናን ከሚሲዮኑ ተለይተው ወጡ፤ እነዚህም በኋላ ወደ መካነ ኢየሱስ ገቡ። የቀሩት ዛሬ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በምትባለው ሥር ናቸው።

የመጨረሻ ዓመታት

ላምቢ ይህንን ሁሉ የሰሙት ከሩቅ ነው። በእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ሱዳን ተመልሰው በላይኛው ዓባይ ግዛት፣ በኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ፣ በዶሮና በአካባቢው ለኤስ አይ ኤም ሥራ ጀመሩ። በነሐሴ ወር 1940 እ.ኤ.አ. የጣሊያን አውሮፕላኖች ዶሮን ደበደቡ፤ አንድ ሐኪምና ባለቤታቸው ሞቱ። በእነዚህ ዓመታት ሕይወታቸውን የሚተርኩ መጻሕፍት ጻፉ፤ የመጀመሪያው በእ.ኤ.አ. 1939 የታተመው «አገር የሌለው ሐኪም» ነው። የአሜሪካ ዜግነታቸውን በኋላ አስመልሰዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ወደ ዙፋናቸው ሲመለሱ ኤስ አይ ኤም ቀስ በቀስ እንዲገባ ተፈቀደ፤ ላምቢ ግን አልተፈቀደላቸውም።

ከዚህ በኋላ ወደ ፍልስጥኤም ሄዱ። ባለቤታቸው ሻርሎት በዚያ በእ.ኤ.አ. 1946 አረፉ። ላምቢ በቀጣዩ ዓመት ኢርማ ሽኔክን አገቡ፤ ከቤተ ልሔም ወደ ኬብሮን በሚወስደው መንገድ ላይ በረካ በሚባለው ሥፍራ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሆስፒታል አሠሩ። ሥራው በጦርነትና በስደተኛ ብዛት መካከል ነበር፤ በሳዮ እንደሆነው ሁሉ እዚህም መጀመሪያ የመጣው በሽተኛው ነው።

ኤፕሪል 14 ቀን 1954 እ.ኤ.አ.፣ ፋሲካ አራት ቀን ሲቀረው፣ በኢየሩሳሌም የአትክልት መቃብር በሚባለው ሥፍራ ለበዓሉ አገልግሎት ሲዘጋጁ ሞቱ። ዕድሜያቸው 69 ገደማ ነበር። የተቀበሩት በረካ ላይ፣ ባሠሩት ሆስፒታል ግቢ ነው።